የቀዘቀዘ ቤት፣ የተከፋፈለ ሒሳብ

ከዚህ በታች የቀረበው ምልልስ በአንድ የማኅበራዊ ፖሊሲ መምህርና በአንዲት የድኅረ ምረቃ ተማሪ መካከል የሚካሄድ ሲሆን፣ የሚመረምረውም በእንግሊዝ አገር ያሉ የአካባቢ ምክር ቤቶች ቤታቸውን ማሞቅ ያቃታቸውን ነዋሪዎች ለመርዳት እርስ በርስና ከሌሎች ተቋማት ጋር መተባበር ለምን እንዳስፈለጋቸው ነው። የአካባቢ ምክር ቤት ማለት በነዋሪው የሚመረጥ፣ ከቆሻሻ ማንሣት እስከ ቤት ማደልና አረጋውያንን መጦር ያሉ ሥራዎችን የሚያካሂድ አስተዳደር ሲሆን፣ በለንደን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ካውንስል እያሉ የሚጠሩት ነው። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ተማሪ፦ በእንግሊዝኛ ጽሑፎች የተለመደው ቃል በቀጥታ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የነዳጅ ድህነት» ይሆናል፤ ነገር ግን ይህን የሰማ የአዲስ አበባ ነዋሪ ቀድሞ የሚታየው በማደያ ደጃፍ የተሰለፈው ታክሲ ነው። መምህር፣ ቃሉ ገና ከመነሻው አያሳስትም?

መምህር፦ ያሳስታል፤ ስለዚህም «የማሞቂያ ድህነት» ማለት ወደ ጉዳዩ ይበልጥ ይቀርባል። ችግሩ ጋዝ ወይም መብራት መጥፋቱ ሳይሆን፣ ጋዙ በቱቦ፣ መብራቱም በሽቦ ቤቱ ድረስ ደርሶ፣ ነዋሪው ግን ማሞቂያውን ለመክፈት የሚበቃ ገንዘብ ማጣቱ ነው። ብሬንዳ ቦርድማን የተባሉት ተመራማሪ በ1991 ባሳተሙት መጽሐፍ ለዚህ ሁኔታ መለኪያ ሲያበጁለት፣ ቤቱን በበቂ ሁኔታ ለማሞቅና ሌላውንም የኃይል ፍላጎቱን ለማሟላት ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ማውጣት የሚያስፈልገውን ቤተሰብ በማሞቂያ ድህነት ውስጥ ያለ ብለውታል። እዚህ ላይ «ማውጣት የሚያስፈልገው» የሚለው ሐረግ ልብ ሊባል ይገባል፤ መለኪያው የሚቆጥረው ነዋሪው በእርግጥ የከፈለውን ቢሆን ኖሮ፣ ማሞቂያውን ዘግቶ በካፖርትና በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ የሚያመሸው ሰው፣ ደረሰኙ አነስተኛ በመሆኑ ብቻ፣ ችግር እንደሌለበት ተቆጥሮ ይታለፍ ነበር።

ተማሪ፦ ይህ በሌላ ስም የተጠራ ድህነት ብቻ አይሆንም? ገቢው ያነሰ ሰው ኪራዩም ቀለቡም ያጥረዋል፤ ለብርዱ ብቻ የተለየ ስም ማውጣት ምን ይጨምራል?

መምህር፦ የሚጨምረው ቤቱን ነው። የማሞቂያ ድህነትን የሚወልዱት ሦስት ነገሮች፣ ማለትም የነዋሪው ገቢ፣ የኃይል ዋጋና የቤቱ አሠራር ሲሆኑ፣ ከሌላው ድህነት የሚለየውም በሦስተኛው ነው። እኩል ጡረታ ከሚቀበሉ ሁለት አሮጊቶች አንዷ ግድግዳውና ጣሪያው ሙቀት በሚይዝ ሽፋን በተለበጠ አዲስ አፓርታማ ብትኖር፣ ሌላዋ ደግሞ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት በተሠራና ግድግዳው ድፍን ጡብ በሆነ ቤት ብትኖር፣ ሁለተኛዋ ያንኑ ሙቀት ለማግኘት የምትከፍለው እጅግ የበዛ ይሆናል፤ ገንዘቧ የሚያሞቀው መንገዱን ነውና። በዚያ አገር እያንዳንዱ የሚከራይ ወይም የሚሸጥ ቤት ከኤ እስከ ጂ ባለው ደረጃ የኃይል አጠቃቀም ብቃቱን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ሊኖረው ይገባል። ከ2021 ወዲህ በእንግሊዝ የሚሠራበት ይፋዊ መለኪያም በዚሁ ላይ ቆሞ፣ የቤቱ ደረጃ ዲ ወይም ከዚያ በታች የሆነና ከቤትና ከኃይል ወጪው በኋላ የሚቀረው ገቢ ከድህነት ወለል በታች የሚወድቅ ቤተሰብን ብቻ ይቆጥራል። በዚህ ስሌት በ2023 የተቆጠሩት ቤተሰቦች 3.17 ሚሊዮን፣ ማለትም 13 በመቶ ናቸው፤ በዚያው ዓመት ከቤት ወጪ በኋላ ከሚተርፈው ገቢ ከ10 በመቶ በላይ ለኃይል ማውጣት የሚያስፈልጋቸው ግን 8.91 ሚሊዮን ነበሩ።

ተማሪ፦ አንድ አገር፣ አንድ ክረምት፣ ቁጥሩ ግን ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። መንግሥት መለኪያውን የለወጠው ቁጥሩን ለማሳነስ ነው የሚለው ክስ እንዴት ይታያል?

መምህር፦ ክሱ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ኦፍጄም የተባለው የኃይል ገበያ ተቆጣጣሪ የሚያወጣው የዋጋ ጣሪያ፣ ይኸውም ሻጩ ለአንድ የኃይል አሃድ ሊያስከፍል የሚችለው የመጨረሻ ዋጋ፣ በአማካይ ተጠቃሚ ቤት ዓመታዊ ወጪ ሲሰላ፣ በ2021 መጨረሻ ከነበረበት 1,277 ፓውንድ በሚያዝያ 2022 ወደ 1,971፣ በጥቅምት ደግሞ ወደ 3,549 ፓውንድ ሲዘል፣ መንግሥት ልዩነቱን እየሸፈነ በ2,500 ላይ እንዲቆም አደረገ። በዚህ ሁሉ ማዕበል ውስጥ ይፋዊው መለኪያ እምብዛም አልተነቃነቀም፤ በይበልጥ የሚመለከተው ቤቱን እንጂ ደረሰኙን አይደለምና። ደረጃው ሲ በሆነ ቤት በጨለማ የሚቀመጥ ድሃ በዚህ ቆጠራ ውስጥ አይገባም። መለኪያው ለግንበኛ የተመቸ ነው ማለት ይቻላል፤ የትኛው ቤት ይጠገን ለሚለው ጥያቄ ጥሩ መልስ ይሰጣል፣ በዚህ ሳምንት ማን ይደገፍ ለሚለው ግን አይበቃም። ምክር ቤቶች ሁለቱም ጥያቄ ስለሚቀርብላቸው በአንዱ ቁጥር ብቻ መሥራት አልቻሉም።

ተማሪ፦ ዋጋውን ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት፣ ድጎማውን ማዕከላዊው መንግሥት ከወሰኑት፣ ለአካባቢ ምክር ቤት ምን ይቀርለታል?

መምህር፦ በሩ ይቀርለታል። በየትኛው ጎዳና ድፍን ጡብ ቤት እንደበዛ፣ ከምክር ቤቱ ግብር ቅናሽ የሚደረግለት ማን እንደሆነ፣ የትኛዋ እናት ስለ ሻጋታ ሦስት ጊዜ አቤት እንዳለች፣ የትኛው አረጋዊ ከሆስፒታል ወጥቶ ብቻውን ወደሚኖርበት ቤት እንደተመለሰ የሚያውቅ ሌላ አካል የለም። የ1995 የቤት ውስጥ ኃይል ቁጠባ ሕግም በአካባቢያቸው ያሉ ቤቶች ኃይል እንዲቆጥቡ የሚያስችል ዕቅድ እያወጡ ሪፖርት እንዲያቀርቡ ምክር ቤቶችን ያስገድዳል። ችግሩ ይህ ዕውቀት በአንድ መዝገብ አለመገኘቱ ነው። በብዙ የእንግሊዝ ገጠራማ አካባቢዎች አስተዳደሩ ሁለት እርከን ያለው ሲሆን፣ የቤት ጉዳይ የወረዳው ምክር ቤት፣ የአረጋውያን እንክብካቤና ከሚያዝያ 2013 ጀምሮ የሕዝብ ጤና ጥበቃ ደግሞ የአውራጃው ምክር ቤት ኃላፊነት ነው፤ ሕክምናው ከሁለቱም ውጭ በብሔራዊ የጤና አገልግሎት እጅ ነው። ቤቱን የሚያየው ሳንባውን አያይም፣ ሳንባውን የሚያዳምጠው ሐኪምም ቤቱን አያይም።

ተማሪ፦ እንግዲያው ትብብሩ መረጃ መለዋወጥ ነው ማለት ይቻላል?

መምህር፦ መረጃው መግቢያው ነው፤ ከባዱ ገንዘቡ ነው። አንድ ምክር ቤት የአንድን ቤት ጣሪያና ግድግዳ ለማልበስና የተበላሸ ቦይለር ለመቀየር ሺህ ፓውንዶች ቢያወጣ፣ የወጪው ፍሬ የሚታየው በምክር ቤቱ ሒሳብ ላይ ሳይሆን በሆስፒታሉ ሒሳብ ላይ ነው፤ አስም ያለበት ሕፃን በሌሊት ወደ ድንገተኛ ክፍል መመላለሱን ይተዋል፣ ልበ ደካማው አዛውንት አልጋ ሳይዙ ክረምቱን ይዘልቃሉ። የሕንፃ ምርምር ተቋም በ2021 ባወጣው ስሌት በእንግሊዝ የተጎሳቆሉ ቤቶች የጤና አገልግሎቱን በዓመት 1.4 ቢሊዮን ፓውንድ ያስወጡታል። ከፋዩ አንድ፣ ተጠቃሚው ሌላ በሆነበት ሁኔታ ከፋዩ ቢያመነታ አያስገርምም። በማንችስተር አቅራቢያ የምትገኘው የኦልድሃም ከተማ በ2010ዎቹ መጀመሪያ ላይ ይህን ቋጠሮ ለመፍታት የሞከረችው፣ ምክር ቤቱ፣ ለአካባቢው የጤና አገልግሎት የሚገዛው ተቋምና የማኅበራዊ ቤት አከራዮች ገንዘባቸውን በአንድ ቋት አዋጥተው ነዋሪዎችን ከማሞቂያ ድህነት እንዲያወጡ በማድረግ ነው። የዚህ አሠራር ብልሃት ከቸርነት ሳይሆን ከሒሳብ የመነጨ መሆኑ ላይ ነው፤ ሆስፒታል የሚያተርፈው ካለ አስቀድሞ ያዋጣ ማለት ነው።

ተማሪ፦ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረት እዚህ ላይ ይሠራል ማለት ነው።

መምህር፦ ተረቱ ክሩን ማን እንደሚገዛ አይናገርም። በዚህ ዘርፍ የፈረሱት ትብብሮች አብዛኛውን ጊዜ የፈረሱት በጠብ አይደለም፤ ክሩ የሚገዛበት ገንዘብ ለአንድ ክረምት ብቻ ስለሚመጣ ነው። ይህ ግን ቆይቶ ሊነሣ የሚገባው ነው፤ አስቀድሞ እርዳታው ከሚደርስበት ቤት ደጃፍ መድረስ ይሻላል።

ተማሪ፦ ቤቱ ምን ይመስላል?

መምህር፦ ከደረጃው ሥር ወይም ከመግቢያው በር በላይ አንድ ግራጫ ሣጥን ተሰቅሏል፤ ይህ ነዋሪው አስቀድሞ ገንዘብ የሚሞላበት የካርድ ቆጣሪ ነው። የቆየው ዓይነት ከሆነ ነዋሪው ካርዱን ወይም ቁልፍ መሳይ ዕቃውን ይዞ ጥግ ላይ ወዳለው ሱቅ ይሄዳል፣ 10 ፓውንድ ያስሞላል፣ ተመልሶ ሣጥኑ ውስጥ ይሰካዋል። ከዚያ 10 ፓውንድ ላይ ግን ገና አንዲት አምፖል ሳትበራ የቀን ቋሚ ክፍያው፣ ማለትም ኃይል ቢጠቀሙም ባይጠቀሙም በየዕለቱ የሚታሰበው ገንዘብ፣ ቀጥሎም የቀድሞ ዕዳ ካለ በየሳምንቱ የሚቆረጠው ይወርዳል። በበጋ ማሞቂያው ተዘግቶ የከረመ የጋዝ ቆጣሪ ሳይቀር ቋሚ ክፍያውን ሲያጠራቅም ይቆይና፣ በኅዳር የመጀመሪያው ብርድ ሲመጣ የገባውን ገንዘብ ሁሉ ይውጣል። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ቁጥሩ ከሌላው ቀን ፈጥኖ ሲወርድ የምታይ እናት ማሞቂያውን አጥፍታ ምጣዱን ትመርጣለች። ገንዘቡ ሲያልቅ ቤቱ ጸጥ ይላል፤ ማንም መጥቶ መስመር አልቆረጠም፣ የመቁረጫ ማስጠንቀቂያም አልተጻፈም፤ ስለዚህ በየትኛውም መሥሪያ ቤት መዝገብ ላይ «ተቋርጦበታል» ተብሎ አይሰፍርም። የእንግሊዝ ባለሙያዎች ይህን ራስን በራስ ማቋረጥ ይሉታል፤ አጠራሩ ግን ፍትሐዊ አይመስልም፣ ነዋሪው ወድዶ ያደረገው ያስመስለዋልና። ዕዳ ባለባቸው ቤቶች ይህን ቆጣሪ በፍርድ ቤት ፈቃድ በግዳጅ መትከል በ2023 መጀመሪያ ላይ ለጊዜው ታግዶ በኋላ ጥብቅ ደንብ ወጥቶለታል።

ተማሪ፦ እንዲህ ያለ በመዝገብ የማይታይ ሰው ታዲያ በምን ይገኛል?

መምህር፦ በሌላ ምክንያት ወደ ቤቱ በሚገባ ሰው ነው። የሰሜን ለንደኑ የኢዝሊንግተን ምክር ቤት በታኅሣሥ 2010 ያቋቋመው ሻይን የተባለ መረብ የተመሠረተው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው። ነርሷ፣ የእሳት አደጋ ባለሙያው፣ የቤት ለቤት ተንከባካቢዋ ወይም የማኅበር ሠራተኛው ቀዝቃዛ ቤት ሲያዩ ለየመሥሪያ ቤቱ አይደውሉም፤ የነዋሪውን ስም በፈቃዱ ለአንድ ማዕከል ብቻ ያስተላልፋሉ፣ ማዕከሉም የኃይል ዕዳውን፣ የድጎማ መብቱን፣ የቤቱን ጥገናና ከመውደቅ አደጋ መጠበቅን ሳይቀር በአንድ ጊዜ ያጣራል። በ2015 የጤናና የእንክብካቤ መመሪያ የሚያወጣው ብሔራዊ ተቋም በቀዝቃዛ ቤቶች ላይ ባወጣው መመሪያ እያንዳንዱ አካባቢ እንዲህ ያለ አንድ መቀበያ እንዲኖረው መክሯል፤ የሻይን አገልግሎትም ከኢዝሊንግተን አልፎ ወደ ሌሎች የለንደን ምክር ቤቶች ተስፋፍቷል። የ2017 የዲጂታል ኢኮኖሚ ሕግ ደግሞ የመንግሥት አካላት በማሞቂያ ድህነት ያሉትን ለመለየት መረጃ እንዲለዋወጡ በር ከፍቷል።

ተማሪ፦ ማዕከሉ ሰውየውን ካገኘ በኋላ የሚያቀርብለት ነገር ከሌለ፣ ስም መመዝገብ ብቻ አይሆንም?

መምህር፦ ይሆናል፤ ብዙ ቦታም እንዲያ ሆኗል። ከ2013 ጀምሮ ትልልቅ የኃይል ሻጮች በድሆች ቤት የሚካሄድ የሽፋንና የማሞቂያ ሥራ ወጪ እንዲሸፍኑ በሕግ ተገድደው ነበር፤ ከ2017 ወዲህ ደግሞ ድጎማ የማይቀበል ነገር ግን የተቸገረ ቤተሰብን ምክር ቤቱ በፊርማው ብቁ የሚያደርግበት መንገድ ተጨመረ። በ2022 በጀመረው አራተኛ ዙር የቤተሰቡ ጠቅላላ ዓመታዊ ገቢ ከ31,000 ፓውንድ በታች ከሆነ፣ ወይም ቤቱ ውስጥ ከባድ የልብ ወይም የመተንፈሻ ሕመም ያለበት ሰው መኖሩን የጤና ባለሙያ ካመለከተ፣ ምክር ቤቱ መመስከር ይችል ነበር። ጎረቤት ምክር ቤቶች የብቁነት መስፈርታቸውን በአንድ መግለጫ ሲያወጡ ተቋራጩ በየወሰኑ ሌላ ቅጽ ከመሙላት ይድን ነበር። ይሁንና ፊርማ ጥራትን አይጠብቅም፤ ብሔራዊው የኦዲት መሥሪያ ቤት በ2025 ባወጣው ሪፖርት፣ በእነዚህ ፕሮግራሞች ከውጭ በኩል ግድግዳቸው ከተለበጠ ቤቶች 98 በመቶው መታረም ያለበት ከባድ ጉድለት ተገኝቶባቸዋል። ውኃ የሚያስገባ ሽፋን ብርዱን በሻጋታ መለወጥ ነው።

ተማሪ፦ የድሃውን ቤት እየለዩ መጠገን ይህን ያህል ካስቸገረ፣ ሳይለዩ ሁሉንም መጠገን አይቀልም?

መምህር፦ በዌስት ዮርክሸር የሚገኘው የከርክሊስ ምክር ቤት ከ2007 እስከ 2010 ያደረገው ይህንኑ ነው። ገቢ ሳይጠየቅ፣ ማስረጃ ሳይቀርብ፣ ሠራተኞች ጎዳና በጎዳና እያንኳኩ ለሚፈልግ ሁሉ ከኮርኒሱ በላይ ያለውን ክፍትና መሃሉ ባዶ የሆነውን ድርብ ግድግዳ በነፃ እየሞሉ ከ50,000 በላይ ቤቶችን አዳርሰዋል። ባለጸጋውም አብሮ ተጠቅሟል የሚል ነቀፋ ቀርቧል፤ ነቀፋው ግን ማጣሪያው ራሱ የሚበላውን ገንዘብና ቅጽ ለመሙላት የሚያፍረውን ሰው ይዘነጋል። ሠራተኛው ከጎረቤት ቤት ወጥቶ ሲያንኳኳ በር መክፈት አያሳፍርም። በዚህ ረገድ ከርክሊስ ካደረገው የተሻለ አልታየም።

ተማሪ፦ ኀፍረቱ በኢትዮጵያውያን ዘንድም የሚታወቅ ነው፤ ገመናን ለባዕድ መሥሪያ ቤት መግለጥ ከብርዱ ይከብዳል የሚሉ ብዙዎች ናቸው።

መምህር፦ ስለዚህም ትብብሩ በምክር ቤቶች መካከል ብቻ ቢቀር ይጎድላል። ወደ አማርኛ ተተርጉሞ በክሊኒኩ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ወረቀት ያን ያህል አያነጋግርም፤ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ሻይ ሲጠጣ፣ ቀድማ ዕዳዋ የተቀነሰላት ሴት ስትናገር ግን ይሰማል። ለንደን ውስጥ የማኅበረሰብ ማኅበራትን እንደ አስተርጓሚ ብቻ ሳይሆን እንደ ዋና መግቢያ በር የቆጠሩ ምክር ቤቶች የበለጠ ሰው ያገኛሉ፤ ማኅበሩ ግን ይህን ሁሉ በበጎ ፈቃድ ይሥራ ማለት ሌላ በደል ነው።

ተማሪ፦ ከምክር ቤቶቹ አንዳንዶቹ ራሳቸው ኃይል ሻጭ ለመሆን ሞክረው እንደነበር ይነገራል።

መምህር፦ የኖቲንግሃም ምክር ቤት በ2015 ሮቢን ሁድ ኢነርጂ የተባለ ድርጅት አቋቁሞ ነበር፤ ሊድስና ኢዝሊንግተንም የየራሳቸውን ስም እየለጠፉ በእርሱ በኩል ሸጠዋል። ሐሳቡ ትርፍ ሳይፈለግ በርካሽ መሸጥ ቢሆንም፣ የጅምላ ገበያው የሚጠይቀው ካፒታልና ዕውቀት በከተማ ማዘጋጃ ቤት አልተገኘም፤ በ2020 ሥራው ሲቆም የከተማዋ ኪሳራ ወደ 38 ሚሊዮን ፓውንድ ተገመተ። ድሃውን ከብርድ ለማዳን የታሰበው ድሃው ራሱ በሚከፍለው ግብር ላይ ወደቀ። በአንጻሩ የኢዝሊንግተን በንሂል የሙቀት ማዕከል በ2020 ከተዘጋ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ የሚወጣውን ሞቃት አየር ስቦ የአካባቢውን ቤቶች ማሞቅ ጀመረ፤ ከሁለተኛው ግንባታ ጋር የሙቀት መረቡ ከ1,350 በላይ ቤቶችን ያዳርሳል። ምክር ቤት ገበያ ላይ ሲነግድ ተሸነፈ፤ በገዛ መሬቱ ቱቦ ሲዘረጋ ተሳካለት።

ተማሪ፦ ቅድም ቆይቶ ይነሣ የተባለው የገንዘቡ ነገር ቀርቷል።

መምህር፦ በአጭሩ የሚነገር ነው። ምክር ቤቶች ለተቸገሩ የሚያድሉት የቤተሰቦች መደገፊያ ፈንድ በጥቅምት 2021 በ500 ሚሊዮን ፓውንድ ተጀምሮ ለዓመታት በአጫጭር ጊዜ እየታደሰ ሲቀጥል፣ የመታደሱ ዜና ብዙ ጊዜ የሚሰማው ገንዘቡ ሊያልቅ ሲል ነበር። የቤት ጥገናውም ገንዘብ በየጊዜው ስሙን እየለወጠ በውድድር ሲታደል፣ ምክር ቤቶች ጎን ለጎን ሊሠሩ ሲገባ ለአንድ ቋት ማመልከቻ ይጽፉ ነበር፤ ያሸነፈውም በጥቂት ወራት ውስጥ ሠራተኛ ቀጥሮ፣ ግንበኛ አግኝቶ፣ ቤት መርጦ እንዲጨርስ ይጠበቅበት ነበር። ማመልከቻ የሚጽፍ ባለሙያ መቅጠር የማይችለው ምክር ቤት አብዛኛውን ጊዜ ድሆች የሚበዙበት ነው። በ2014 በወጣው ደንብ የማሞቂያ ድሆች ቤቶች በተቻለ መጠን በ2030 መጨረሻ ደረጃ ሲ እንዲደርሱ ግብ ተጥሏል፤ ለአሥራ ስድስት ዓመት ግብ የስድስት ወር በጀት መመደብ ግቡን አለመፈለግ ነው።

ተማሪ፦ እስከዚያው ይህን ምልልስ በእንግሊዝ አገር የሚያነብ ሰው ምን ያድርግ?

መምህር፦ ለሚኖርበት ምክር ቤት ደውሎ የማሞቂያ ድጋፍ በየትኛው ክፍል እንደሚሰጥ ይጠይቅ፤ አማርኛ አስተርጓሚ እንዲመጣለትም ይጠይቅ። ቤቱ ውስጥ ሕፃን፣ አረጋዊ ወይም ሕመምተኛ ካለ ኃይል ለሚሸጥለት ድርጅት አስታውቆ ቅድሚያ በሚሰጣቸው ደንበኞች መዝገብ ይግባ፤ ምዝገባው በነፃ ነው፣ በመስከረም ቢደረግ ደግሞ ከጥር ይሻላል።